ከለንደን አዲስ አበባ በአየር፤ ርቀቱንና የጉዞውን ሰዓት አስቀድሞ የማስላት መመሪያ

በለንደን የሚኖር ኢትዮጵያዊ ለሰርግም ይሁን ለክርስትና፣ ለገናም ይሁን ለፋሲካ፣ ወይም እግዚአብሔር አያምጣውና ለለቅሶ ወደ አገሩ ለመሄድ ትኬት በቆረጠ ጊዜ፣ ከዘመድ ወዳጅ አስቀድሞ የሚመጣበት ጥያቄ «በስንት ሰዓት ትደርሳለህ?» የሚል ነው። ይህም ጥያቄ ቀላል መስሎ ሳለ፣ ሁለት ከተሞች፣ ሁለት የሰዓት አቆጣጠሮችና ሁለት የዘመን አቆጣጠሮች በአንድ ትኬት ላይ ስለሚገናኙበት፣ የተማረውም ያልተማረውም እኩል ሲሳሳትበት ይታያል። የስሕተቱም ዕዳ በተሳሳተው ላይ ብቻ አይቀርም፤ አረጋዊት እናት በውድቅት ሌሊት ተነሥታ ቦሌ ላይ ሰዓታት ሙሉ ቆማ ትጠብቃለች፤ የመመለሻ ቀኑ የተምታታበትም ሰው አውሮፕላኑ በዋዜማው ሌሊት ከሄደ በኋላ ሻንጣውን እየገፋ ይመጣል፤ ለቀብር የቸኮለም ሰው በማይደርስበት ሰዓት «ጠብቁኝ» ብሎ ሐዘንተኛውን ሁሉ ያስጨንቃል።

ስለዚህ ከዚህ በታች በሰባት ደረጃ የተከፈለ መመሪያ ቀርቧል። ሰባቱንም የሚያስተሳስራቸው ደንብ አንድ ነው፤ ይኸውም በትኬት ላይ የተጻፈው የበረራ ጊዜ የጉዞው አንድ ክፍል ብቻ ስለሆነ፣ ጉዞ የሚቆጠረው ከደጅ እስከ ደጅ ነው፤ የሚቆጠረውም ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በአንድ ከተማ ሰዓት ነው። ለሥራው የሚያስፈልግዎት ትኬትዎ፣ አንድ ወረቀትና እርሳስ፣ የኢትዮጵያንና የአውሮፓን ቀን ጎን ለጎን የያዘ የቀን መቁጠሪያ፣ ከተገኘም ሉልና ክር ነው።

1. ርቀቱን በሉል ላይ ይለኩ

ምድር ክብ ስለሆነች በሁለት ከተሞች መካከል ያለው አጭሩ መንገድ፣ በግድግዳ ካርታ ላይ በማስመሪያ የሚሰመረው መስመር ሳይሆን በሉል ላይ ተወጥሮ የተዘረጋ ክር የሚከተለው ነው። የክሩን አንድ ጫፍ በአውራ ጣትዎ ለንደን ላይ ይያዙ፤ ሌላውን ጫፍ አዲስ አበባ አድርሰው ጠበቅ አድርገው ይሳቡት። ያን ጊዜ ክሩ ምሥራቃዊ ፈረንሳይንና ስዊዘርላንድን አቋርጦ፣ በኢጣልያ መካከል ወርዶ፣ የሜዲትራንያንን ባሕር ተሻግሮ፣ በሊብያና በግብፅ ወሰን አካባቢ ወደ አፍሪካ ገብቶ፣ የሱዳንን በረሃ ካለፈ በኋላ፣ በመተማ አቅጣጫ ወደ አገራችን ሲዘልቅና በጣና አጠገብ አልፎ ሸዋ ሲደርስ ያዩታል። የሉሉ ዲያሜትር 30 ሳንቲ ሜትር ከሆነ፣ የክሩ ርዝመት 14 ሳንቲ ሜትር ገደማ ይሆናል፤ በእንዲህ ያለው ሉል ላይ አንዱ ሳንቲ ሜትር 425 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚይዝ፣ ሁለቱን ሲያባዙ 5,950 ያገኛሉ። በኬክሮስና በኬንትሮስ በጥንቃቄ ሲሰላ ደግሞ ከሂትሮው እስከ ቦሌ ያለው ርቀት 5,920 ኪሎ ሜትር ያህል ነውና፣ በክር የተገኘው ልክ ከእውነተኛው እምብዛም አልራቀም።

በዚህ ደረጃ የተለመደው ስሕተት መለኪያን መቀላቀል ነው። ይኸው ርቀት በየብስ ማይል 3,680፣ በአየርና በባሕር ጉዞ በሚሠራበት ማይል ግን 3,200 ያህል ነው፤ የኋለኛው አንዱ ማይል 1.852 ኪሎ ሜትር፣ የየብሱ ግን 1.609 ኪሎ ሜትር ስለሆነ፣ ቁጥር ባዩ ጊዜ በየትኛው ሚዛን እንደ ተለካ ሳይጠይቁ ወደሚቀጥለው ደረጃ አይለፉ።

2. ርቀቱን ወደ ሰዓት ይለውጡ

በዚህ መሥመር የሚሠሩት ትልልቅ አውሮፕላኖች ከፍታቸውን ከያዙ በኋላ በሰዓት 900 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሚበሩ፣ 5,920ን ለ900 ሲያካፍሉ ስድስት ሰዓት ከ35 ደቂቃ ያህል ያገኛሉ። ነገር ግን አውሮፕላን ከመቆሚያው ተነሥቶ እስከ መንደርደሪያው ቀስ ብሎ የሚሄድበት፣ ወደ ላይ የሚወጣበት፣ ፍጥነቱን ቀንሶ የሚወርድበትና ተራ የሚጠብቅበት ጊዜ ሁሉ በዚህ ቁጥር ውስጥ የለም፤ ደግሞም የአየር ጎዳናዎች እንደ ክሩ ቀጥ ያሉ አይደሉም። ስለዚህ ባገኙት ቁጥር ላይ አንድ ሰዓት ወይም ጥቂት ከዚያ በላይ ይጨምሩ፤ ከለንደን አዲስ አበባ በቀጥታ ለሚደረግ በረራ ከሰባት ሰዓት ተኩል እስከ ስምንት ሰዓት መገመት ትክክለኛ ነው።

የመመለሻውን በረራ ከመሄጃው ጋር እኩል አድርገው አይቁጠሩ። በአውሮፓ ሰማይ፣ አውሮፕላኖች በሚበሩበት ከፍታ፣ ነፋስ አብዛኛውን ጊዜ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ስለሚነፍስ፣ ወደ አዲስ አበባ የሚሄደውን ከኋላው ይገፋዋል፤ ወደ ለንደን የሚመለሰውን ግን ከፊት ይቃወመዋል፤ በዚህም ምክንያት መመለሻው ከስምንት ሰዓት የሚያልፍበት ጊዜ ብዙ ነው። ሰላምና ጦርነትም የበረራን ርዝመት ይለውጣሉ፤ በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. በሱዳን ጦርነት በተነሣ ጊዜ የዚያች አገር ሰማይ ለመንገደኛ አውሮፕላኖች ተዘግቶ፣ በካርቱም አቅጣጫ ያልፉ የነበሩት ዙሪያውን ለመሄድ ተገደዋል። እንግዲህ ከዓመታት በፊት የተጓዘ ወዳጅዎ የነገረዎትን ሰዓት እንደ ሕግ አይያዙት፤ ለእርስዎ ቀን የወጣውን የበረራ ሰዓት ብቻ ይከተሉ።

3. ሁለቱን ሰዓቶች ወደ አንድ ያምጡ

ከስሕተት ሁሉ የበዛው በዚህ ደረጃ ስለሚፈጸም እዚህ ላይ ረጋ ይበሉ። በትኬት ላይ የመነሻው ሰዓት በመነሻው ከተማ፣ የመድረሻውም በመድረሻው ከተማ አቆጣጠር ስለሚጻፍ፣ አንዱን ከሌላው በቀጥታ ቢቀንሱ የሚያገኙት ሐሰተኛ ቁጥር ነው። አዲስ አበባ በክረምትም በበጋም ሰዓቷን አትለውጥም፤ ለንደን ግን በአውሮፓ አቆጣጠር በማርች የመጨረሻ እሑድ ሰዓቷን አንድ ወደ ፊት ገፍታ፣ በኦክቶበር የመጨረሻ እሑድ ትመልሰዋለች። ስለዚህ ከጥቅምት አጋማሽ ጀምሮ እስከ መጋቢት ሦስተኛ ሳምንት ገደማ አዲስ አበባ ለንደንን በሦስት ሰዓት ትቀድማለች፤ በቀረው የዓመቱ ክፍል ግን የምትቀድማት በሁለት ሰዓት ብቻ ነው።

ለምሳሌ ያህል በጥር ወር የተቆረጠ ትኬት ከለንደን መነሻ 20:30፣ አዲስ አበባ መድረሻ በማግሥቱ 07:10 ይላል እንበል። ሳያመዛዝን የሚቀንስ ሰው በረራው አሥር ሰዓት ከ40 ደቂቃ ይመስለዋል። እርስዎ ግን በመጀመሪያ ከመድረሻው ላይ ሦስት ሰዓት ቀንሰው 07:10ን ወደ ለንደን 04:10 ይመልሱ፤ ከዚያ በኋላ ከ20:30 እስከ 04:10 ሲቆጥሩ እውነተኛው የበረራ ጊዜ ሰባት ሰዓት ከ40 ደቂቃ ሆኖ ይወጣል። ይኸው አውሮፕላን በሐምሌ በዚያው በ20:30 ተነሥቶ ያንኑ ያህል ጊዜ ቢበር፣ ልዩነቱ ሁለት ሰዓት ስለሆነ የሚደርሰው በ06:10 ነው። በመመለሻው ደግሞ ስሕተቱ ይገለበጣል፤ ከአዲስ አበባ በ01:00 ተነሥቶ ለንደን በ06:10 የሚደርስ የጥር በረራ አምስት ሰዓት ከ10 ደቂቃ ብቻ ይመስላል፤ ሦስቱን ሰዓት ሲጨምሩበት ግን ስምንት ሰዓት ከ10 ደቂቃ ነው።

ቀጥሎ ውጤቱን ቤተሰብዎ ወደሚቆጥሩበት ሰዓት ይለውጡ። የአውሮፓው ቀን ከእኩለ ሌሊት፣ የእኛ ደግሞ ከንጋት ስለሚጀምር፣ ከትኬቱ ሰዓት ላይ ስድስት ይቀንሱ፤ ቁጥሩ ከስድስት ካነሰ ስድስት ይጨምሩ፤ ውጤቱ 13 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ 12 ይቀንሱ፤ ዜሮ ከሆነ 12 ይበሉት። በዚህ መሠረት 07:10 ከጠዋቱ 1:10፣ 06:10 ከንጋቱ 12:10፣ 01:00 ደግሞ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ነው። ሰዓቱን ለቤተሰብ ሲነግሩ «ከጠዋቱ» ወይም «ከሌሊቱ» የሚለውን ሳይጨምሩ ባዶ ቁጥር አይላኩ፤ «7:10» ብቻ ተብሎ የተላከለት ሰው ከቀኑ 7:10 ሊመጣ ይችላልና።

4. ቀኑንና አጥቢያውን ይለዩ

ማታ ከለንደን የሚነሣ አውሮፕላን አዲስ አበባ የሚደርሰው በማግሥቱ ስለሆነ፣ የመነሻውንና የመድረሻውን ቀን ለየብቻ ይጻፉ፤ በእያንዳንዱም አጠገብ የኢትዮጵያን ቀን ያስቀምጡ። ጃንዋሪ 6 ማታ የተነሣ መንገደኛ የሚያርፈው ጃንዋሪ 7፣ ማለትም በልደት ዕለት ነው፤ ዕለቱም በሦስቱ ዘመናት ታኅሣሥ 29፣ በዘመነ ዮሐንስ ግን ታኅሣሥ 28 ይውላል። በዓሉን ከቤተሰቡ ጋር ከዋዜማው ጀምሮ ማክበርና የሌሊቱን ቅዳሴ በሰፈሩ ደብር ማስቀደስ የሚሻ ሰው እንግዲህ ከለንደን ጃንዋሪ 5 ማታ ወይም ከዚያ በፊት መነሣት ይገባዋል።

የመመለሻው ቀን ከዚህ ይልቅ ጥንቃቄ ይሻል፤ ወደ አውሮፓ የሚሄዱ ብዙ አውሮፕላኖች ከቦሌ የሚነሡት ከእኩለ ሌሊት በኋላ ነውና። በትኬትዎ ላይ «ሰኞ 01:00» ተብሎ ከተጻፈ፣ ይህ በእኛ አነጋገር እሑድ ለሰኞ አጥቢያ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ማለት ነው፤ ከቤትዎ መውጣት ያለብዎትም እሑድ ማታ ከምሽቱ 3 ሰዓት ገደማ ነው። «ሰኞ» የሚለውን ብቻ አንብቦ ሰኞን ሙሉ ዘመድ ሲሰናበት የዋለ ሰው፣ ማታ ቦሌ ሲደርስ ያመለጠው አውሮፕላን ለንደን ከገባ ሰዓታት አልፈዋል። መድኃኒቱ አንድ ነው፤ በወረቀትዎ ላይ አውሮፕላኑ የሚነሣበትን ቀን ሳይሆን እርስዎ ከቤት የሚወጡበትን ቀንና ሰዓት በጉልህ ይጻፉ።

5. በለንደን ከደጅዎ እስከ አውሮፕላኑ ያለውን ጊዜ ይቁጠሩ

አስቀድመው የአውሮፕላን ጣቢያውን ስም በትኬቱ ላይ ያረጋግጡ፤ ለንደን ከአንድ በላይ ጣቢያ አላትና፣ በስተ ምዕራብ ያለው ሂትሮውና በስተ ደቡብ ያለው ጋትዊክ ተምታተው መንገደኛን ለኪሳራ ዳርገዋል። ከሂትሮው የሚነሡ ከሆነ ቀጥሎ ተርሚናሉን ይመልከቱ፤ የኢትዮጵያ አየር መንገድ የሚጠቀመው ተርሚናል 2ን ስለሆነ፣ በባቡር የሚሄድ ሰው «ተርሚናል 2 እና 3» በሚባለው ጣቢያ ይወርዳል። በፒካዲሊ መሥመር ከኪንግስ ክሮስ አንድ ሰዓት ያህል፣ በኤልዛቤት መሥመር ከፓዲንግተን ግማሽ ሰዓት ያህል ይፈጃል፤ ከፓዲንግተን የሚነሣው ፈጣኑ የሂትሮው ባቡር በ15 ደቂቃ ያደርሳል፤ ዋጋው ግን ከሁሉ ከፍ ያለ ነው። ቅዳሜና እሑድ መሥመሮች ለጥገና ስለሚዘጉ፣ በዋዜማው ማታ የባቡሩን ማስታወቂያ ሳያዩ አይተኙ። በመኪና የሚሄዱም፣ በተለይ ሠራተኛው ወደ ቤቱ በሚመለስበት ሰዓት፣ መንገዱ ባዶ ሲሆን የሚፈጀውን ጊዜ እጥፍ አድርገው ይገምቱ።

አውሮፕላኑ ከመነሣቱ ሦስት ሰዓት በፊት ጣቢያው ይድረሱ። ይህ ጊዜ የበዛ ለሚመስለው ሰው፣ የሻንጣ መመዘኛው አጠገብ የሚሆነውን ማየት ይበቃል፤ ለአገር ቤት ዘመድ ጫማ፣ ልብስና ቸኮሌት አጭቆ የመጣ መንገደኛ አንዱ ሻንጣ ከተፈቀደው በሦስት ኪሎ አልፎበት፣ ወለሉ ላይ ከፍቶ፣ የልጆቹን ጫማ ከአንዱ ወደ ሌላው እያዛወረ፣ ካፖርቱን በላይ በላይ እየደረበ፣ ከኋላው ሰልፉ ይረዝማል። ይህን ሁሉ የሚያስቀረው፣ በእጅ ተንጠልጥሎ የሚመዝን ትንሽ ሚዛን ገዝቶ ሻንጣን እቤት መመዘን ነው፤ ሚዛንዎ ጥቂት ሊያዛባ ስለሚችልም ከተፈቀደው አንድ ኪሎ አጉድለው ይጫኑ።

6. በሌላ ከተማ በኩል የሚሄዱ ከሆነ መንገዱንና ጥበቃውን ለየብቻ ያስሉ

ቀጥታ በረራ ዋጋው ሲወደድ ወይም ቦታ ሲጠፋ በሌላ ከተማ በኩል መሄድ ግድ ይሆናል። በዚህ ጊዜ የሁለቱን በረራዎች ርቀት ደምረው ከ5,920 ጋር ያስተያዩት። በካይሮ በኩል ድምሩ 6,000 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሆነ ካይሮ በመንገድ ላይ እንዳለች ትቆጠራለች፤ በኢስታንቡል በኩል 6,200 ገደማ ነው፤ በዱባይ በኩል ግን 8,000 ይደርሳል፤ ምክንያቱም ወደ ምሥራቅ ከሚገባው በላይ ሄደው፣ ከዚያ 2,500 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ደቡብ ምዕራብ ስለሚመለሱ ነው። እንዲህም ቢሆን ጉዞውን የሚያስረዝመው ከርቀቱ ይልቅ ጥበቃው ነው፤ በመካከሉ አሥር ሰዓት የሚያስጠብቅ አጭር መንገድ፣ ሦስት ሰዓት ብቻ ከሚያስጠብቅ ረጅም መንገድ ዘግይቶ ያደርሳል።

ጥበቃው ከመጠን በላይ ቢያጥርም አደጋ አለው። የመጀመሪያው አውሮፕላን አንድ ሰዓት ቢዘገይ ሁለተኛው ስለሚያመልጥ፣ ከሁለት ሰዓት ያነሰ ጥበቃ ያለውን ትኬት፣ በተለይ ከሕፃናትና ከአረጋውያን ጋር ሲጓዙ፣ አይምረጡ። ሁለቱ በረራዎች በአንድ ትኬት የተያያዙ መሆናቸውን ያረጋግጡ፤ ርካሽ ስለሆነ ትኬቱን ለየብቻ ከገዙ፣ የመጀመሪያው በረራ ቢዘገይ ሁለተኛውን የሚያበርረው አየር መንገድ ኀላፊነት የለብኝም ሊልዎት ይችላል፤ ሻንጣዎንም በመካከለኛው ከተማ ተቀብለው እንደገና ማስመዝገብ ሊኖርብዎት ይችላል።

7. ከቦሌ እስከ ቤተሰብዎ ያለውን ጨምረው ጠቅላላውን ይጻፉ

አውሮፕላኑ ያረፈበት ሰዓት እርስዎ ከጣቢያው የሚወጡበት ሰዓት አይደለም። ፓስፖርት የሚታይበት ሰልፍ፣ የሻንጣ ጥበቃና የጉምሩክ ፍተሻ ሲደማመሩ ከአንድ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ተኩል ይጨምሩ፤ የውጭ ፓስፖርት የያዙ ትውልደ ኢትዮጵያውያን ቢጫ ካርዳቸውን (የትውልደ ኢትዮጵያዊነት መታወቂያቸውን)፣ ቪዛ የሚያስፈልጋቸውም የቪዛቸውን ማረጋገጫ፣ ከሻንጣ ሳይሆን ከእጅ ቦርሳ ያኑሩት። ሂትሮው ከባሕር ጠለል በላይ 25 ሜትር ያህል ብቻ ከፍ ሲል ቦሌ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነ፣ ትንፋሽ ቢያጥርዎት አይደንግጡ፤ ሻንጣ በችኮላ አያንሡ፤ የመጀመሪያውንም ቀን ብዙ ቀጠሮ አይሙሉት። ከአዲስ አበባ አልፈው ወደ ባሕር ዳር ወይም ወደ ጎንደር በአውሮፕላን የሚቀጥሉ ከሆነ በሁለቱ በረራዎች መካከል ቢያንስ ሦስት ሰዓት ይተዉ።

አሁን ጠቅላላውን በአንድ ከተማ ሰዓት ይደምሩ። በቶተንሃም የሚኖረው የጥር መንገደኛችን ከቤቱ በ15:30 ወጥቶ፣ በ17:30 ሂትሮው ደርሶ፣ በ20:30 ተነሥቶ፣ በአዲስ አበባ 07:10 አርፎ፣ 08:30 ላይ ከጣቢያው ቢወጣ፣ ይህ በለንደን ሰዓት 05:30 ስለሆነ፣ በረራው ሰባት ሰዓት ከ40 ደቂቃ ሳለ ጉዞው አሥራ አራት ሰዓት ሙሉ ፈጅቷል። ለእናቱ መንገር ያለበትም «በ07:10 እደርሳለሁ» ብሎ ሳይሆን፣ «ነገ ጠዋት በእናንተ ሰዓት ከ2 ሰዓት ተኩል ገደማ እወጣለሁ፤ ከ2 ሰዓት በፊት አትምጡ» ብሎ ነው።

ይህን ስሌት ለለቅሶ የሚሄድ ሰው ከማንም ይበልጥ ያስፈልገዋል። በአገራችን ቀብር ብዙ ጊዜ ስለማይዘገይ፣ መርዶ የደረሰው ሰው ትኬት ከመቁረጡ በፊት ከላይ ያሉትን ሰዓታት ደምሮ፣ መድረስ የሚችል ከሆነ ትክክለኛውን ሰዓት ለቤተሰቡ ይንገር፤ መድረስ የማይችል ከሆነ ግን ሥርዓተ ቀብሩ በጊዜው እንዲፈጸም ፈቅዶ፣ ለሣልስቱ ወይም ለአርባው እንዲደርስ አድርጎ ጉዞውን ያቅድ። ሐዘንተኛን በማይፈጸም ተስፋ ከማቆየት ይልቅ እውነተኛውን ሰዓት መንገር የበለጠ ፍቅር ነው።

በመጨረሻም በወረቀትዎ ላይ እነዚህ አምስት ነገሮች መጻፋቸውን ይመርምሩ፤ ከቤት የሚወጡበት ቀንና ሰዓት፣ የአውሮፕላን ጣቢያውና የተርሚናሉ ስም፣ የበረራው ቁጥር፣ በኢትዮጵያ ቀንና ሰዓት ከቦሌ የሚወጡበት ጊዜ፣ በመመለሻውም አጥቢያው ተለይቶ ከቤት የሚነሡበት ምሽት። ወረቀቱን ፎቶ አንሥተው ለሚቀበልዎት ሰው ይላኩ፤ እርሱም በበረራው ቁጥር አውሮፕላኑ መነሣቱንና መዘግየቱን ራሱ መከታተል ይችላል። ለመመለሻው የሚሆነውን ወረቀት ደግሞ ለንደን ሳሉ አብረው ይጻፉት፤ በስንብቱ ግርግር መካከል ሰዓት ማስላት ለማንም አይመችምና።